ኮሶና ተልባ፦ ስለ ደረቅ ሆድ፣ ከጣርማ በር እስከ ይፋት ቆላ

አማርኛ ለሆድ ያልሰጠው ሥራ የለም። ምሥጢር የሚቀበረው በሆድ ነው፤ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ቂም የሚቋጠረው በሆድ ነው፤ ናፍቆት የሚያባባው ሆድን ነው። ታጋሹ «ሆደ ሰፊ»፣ ቶሎ የሚከፋው «ሆደ ባሻ»፣ ለጥቅሙ የተገዛው «ሆድ አደር» ይባላል። የተጣሉ ወዳጆች «ሆድና ጀርባ» ይሆናሉ። ሌሎች ቋንቋዎች ለልብ የሰጡትን ሥራ በእኛ ዘንድ እኩሌታውን የተሸከመው ሆድ ነው።

ይኸው አንደበተ ርቱዕ ቋንቋ ግን ሆድ የዕለት ተግባሩን ሲፈጽም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሰው «ወጣ ብዬ ልምጣ» ይላል፤ የድሮ ሰው «ወገቤን ልሞክር» ይላል፤ ከሆድ የወጣውንም «ዓይነ ምድር» ብሎ በጨዋ ስም ይሸፍነዋል። ጨዋነቱ መልካም ነው። ነገር ግን ወጥቶ፣ ወገቡን ሞክሮ፣ ምንም ሳይቀናው የሚመለስ ሰው ምን ይበል? ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ እያማጠ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ሕመሙን ለማን ይንገር? «ሆድ ድርቀት» የሚል ስም አለ፤ ስሙ ግን ከጓዳ አይወጣም። ስለ ወባው፣ ስለ ራስ ምታቱ፣ ስለ ወገቡ ቁርጥማት በአደባባይ የሚያወጋ ሰው፣ ስለዚህ ሲሆን ዝም ይላል።

እኔ ከዚህ ሕመም ጋር ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ያነሣሁት ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም፤ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ታሪክ ነው። ሆዱ የማይታዘዝለት ሰው ግን ታሪክ ሲያነብ ሌላው የሚዘለውን ገጽ አይዘልም። በነገሥታቱና በጦርነቶቹ መካከል ተሸጉጦ፣ የአገሬ ሰው ሆዱን እንዴት ያስተዳድር እንደ ነበር የሚናገር አንድ ረጅም ታሪክ አለ። የታሪኩ ባለቤቶች ሁለት እጽዋት ናቸው። አንዱ ዝነኛ ነው፤ መንገደኞች ጽፈውለታል፣ ባሕር ተሻግሯል፣ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ተሸጧል። ሌላው ትሑት ነው፤ ከጓዳ ወጥቶ አያውቅም። ዝነኛው ኮሶ፣ ትሑቱ ተልባ ይባላሉ። በደረቅ ሆድ ጉዳይ ፍርዱ ለማን እንደሚገባ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

*

ይህን ታሪክ ለመተረክ ከጣርማ በር የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በብርዱና በጉሙ መካከል ጥቂት ከተጓዘ በኋላ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ.) ያስቆፈሩት ዋሻ ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ ከፍታው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዋሻው ሲወጣ ምድር ከእግሩ ሥር ትከዳዋለች። ከዚያ ጠመዝማዛውን ይዞ ደብረ ሲናን አቋርጦ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷል። ጧት ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው ሳይረፍድ ጋቢውን አጣጥፎ፣ ሸሚዙን ከፍቶ ጥላ ይፈልጋል።

ይህ ገደል የመድኃኒት መደርደሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከላይኛው ደርብ፣ በወፍ ዋሻ ደንና በአካባቢው፣ ከጽድና ከሌሎች የደጋ ዛፎች ጋር ኮሶ ቆሟል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ፣ ገብስና ባቄላ በሚዘራበት ደጋ፣ ሰማያዊ አበባውን አንጠልጥሎ ተልባ ይበቅላል። በወይና ደጋው አጥር ጥግ ጉሎ አለ፤ ዘይቱ አንጀትን ያላውሳል። ቆላው ላይ እሬትና ሁመር አሉ። ከባሕሩ ማዶ ደግሞ በነጋዴ እጅ ሰናመኪ ይመጣል። ስሙ ራሱ ከዐረብኛው የመካ ሰና የተወሰደ ነው፤ በእስልምና የሕክምና ትውፊትም የተከበረ ቅጠል ነው።

እነዚህ ሁሉ የሚገናኙት ገበያ ላይ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ፣ ከአፋር በረሃ የመጣው ጨውና ከባሕር ዳርቻ የመጣው ሸቀጥ ከደጋው እህል ጋር የሚለዋወጥባት ገበያ ነበረች። ደገኛውና ቆለኛው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ እዚያ ይገናኙ ነበር። እዚያ የሚገናኘው ሰው የተለያየ ጸሎት ይጸልይ እንጂ፣ ሆድ ሲደርቅ የሁሉም ጭንቀት አንድ ነው።

*

በመጀመሪያ ስለ ዝነኛው።

ኮሶ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሰይማል፤ ዛፉንም፣ በአንጀት ውስጥ የሚኖረውንም ትል። በሽታውና መድኃኒቱ በአንድ ስም የሚጠሩበት አገር ብዙ አይመስለኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ የከብት ኮሶ ትል ጎረቤቱ ነው፤ ትሉን የሚያባርረው ደግሞ የዛፉ አበባ ነው። የሴቴው ዛፍ ቀይ አበባ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ወይም በጠላ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በማግሥቱ ጧት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱን ለመግለጽ እኔ አልሞክርም፤ ቋንቋችን ገልጾታል። ዛሬም ፊቱን የቋጠረ ሰው ስናይ «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» እንላለን፤ ይህን ከሚሉት ብዙዎቹ ኮሶ በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ሰው ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በየጊዜው ኮሶ እንደሚጠጣና በዚያ ቀን ከቤቱ እንደማይወጣ ጽፏል። ሐበሻ ከአገሩ ርቆ የማይጓዘው ይህን መድኃኒት በሌላ አገር ስለማያገኝ ነው የሚል አባባል መስማቱንም ያክላል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ጊዜውን በየሁለት ወሩ ያደርጉታል። ስለ ኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ አብዝቶ የጻፈው ሪቻርድ ፓንክረስት እነዚህን ምስክርነቶች በጥንቃቄ ሰብስቧቸዋል።

ከእነርሱ እኔን የሚደንቀኝ መድኃኒቱ አይደለም፤ ቀኑ ነው። የኮሶ ቀን የታወቀ፣ የተከበረ ቀን ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ሥራ አይጠየቅም፤ እንግዳ አይቀበልም። «ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ በር ላይ የቆመው ባለጉዳይ ቅር ሳይለው ይመለሳል። እንዲያውም ሰው ማግኘት ያልፈለገ ሹም ኮሶ ሳይጠጣም ይህንኑ ያስብል ነበር ይባላል። ስለ ሆዱ ማውራት የሚያፍር ሕዝብ፣ በዓመት ስድስት ጊዜ ሆዱን ባዶ የሚያደርግበትን ቀን ለጎረቤቱ ሁሉ ያሳውቅ ነበር። ለእኔ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ማኅበረሰቡ «ዛሬ ሆዴን አስታምማለሁ» ለሚል ሰው ቦታና ጊዜ ይሰጥ ነበር ማለት ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ኮሶ ባሕር ተሻገረ። በቁስጥንጥንያ ይኖር የነበረ ብሬየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1820ዎቹ መጀመሪያ ስለ ፈዋሽነቱ ለአውሮፓ አሳወቀ። ከዚያ ይልቅ ወደ ይፋት የሚያቀርበን የሌላው ፈረንሳዊ የሮሼ ዴሪኩር ታሪክ ነው። ይህ ሰው ከ1839 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ የይፋትን ዳገት ወጥቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ ተቀምጧል። ኋላም ኮሶን ወደ አውሮፓ ካደረሱት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ እዚያም በውድ ዋጋ ተሸጠ። በእኛ ደጋ በነጻ የሚለቀም አበባ በፓሪስና በለንደን የባለጸጋ መድኃኒት ሆነ፤ በመቶ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽም በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥ ስሙ ገባ።

በዚያው ዘመን፣ ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ.፣ በኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ሸዋ ነበር። ቻርልስ ጆንስተን የተባለው ሐኪም ደግሞ በ1842 አልዩ አምባ ተቀምጦ በኋላ ሁለት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ ጽፏል። የእነዚህን ሰዎች መጻሕፍት የሚያነብ፣ ከንጉሡ ጀምሮ እስከ ገበሬው ድረስ ፈረንጅ ባየ ቁጥር መድኃኒት ይጠይቅ እንደ ነበር ያያል። ጠያቂው ሁሉ ሕመሙን በግልጽ ተናግሯል ብዬ አላምንም። መድኃኒት መጠየቅ ቀላል ነው፤ ለምን እንደ ሆነ መናገር ነው የሚከብደው።

*

አሁን ወደ ደረቁ ሆድ እንመለስ።

ኮሶ የሆድ ድርቀት መድኃኒት ሆኖ አልተፈጠረም። ዒላማው ትሉ ነው። ትሉን ሲያባርር ግን አንጀትን በኃይል ያንቀሳቅሳል፣ ያስቀምጣል። ስለዚህ በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጣ ደረቅ ሆድ ያለው ሰው፣ ትል ይኑርበትም አይኑርበትም፣ በዚያ ቀን እፎይ ይል ነበር ብሎ መገመት አይከብድም። ሕመሙ ስም ሳይወጣለት፣ በሌላ ሕመም ጥላ ሥር ተጠልሎ ይታከም ነበር። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ሆዴ ካስተማረኝ ተነሥቼ የምለው ነው።

ይህ ልማድ ግን አንድ ሐሳብ በውስጣችን ተክሎ ሄደ። ንጹሕ ሆድ ማለት በኃይል የተጠረገ ሆድ ነው የሚል ሐሳብ። መድኃኒት ካላንገሸገሸ፣ ካላስማጠ፣ አንድ ቀን አልጋ ላይ ካላዋለ መድኃኒት አይመስለንም። የድሮዎቹን የመድኃኒት ጽሑፎች፣ እነ መጽሐፈ ፈውስንና እነ ዕፀ ደብዳቤን፣ ያጠና ሰው በውስጣቸው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ምን ያህል ቦታ እንዳለው ያውቃል። ፖላንድ የተወለደው ስቴፋን ስትሬልሲን እነዚህን ጽሑፎች ሰብስቦና ተርጉሞ ለዓለም አቅርቧቸዋል።

በዚህ ብቻችንን አልነበርንም። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ አርበትኖት ሌን የሚባል ስመ ጥር ቀዶ ጠጋኝ፣ በአንጀት የቆየ ሰገራ ሰውነትን ይመርዛል ብሎ ስላመነ፣ ሆዳቸው የሚደርቅባቸውን ሰዎች ትልቁን አንጀት ቆርጦ እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር። ትምህርቱ በኋላ ውድቅ ሆነ። የእኛ ኮሶ ከዚያ ቢላ አንጻር ደግ ነበር ማለት ይቻላል።

ደግነቱ ግን ወሰን ነበረው። ኮሶ ሲበዛ ይመርዛል፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዓይን ላይ ያደረሰው ጉዳት በአገራችን የሕክምና መጽሔት ተመዝግቧል። ለነፍሰ ጡር ሴትም አደገኛ ነው። በዚያው ዐሥር ዓመት ኒክሎሳማይድ የሚባለው የትል ክኒን ወደ ዓለም ገበያ ገባ፤ ቆየት ብሎም ሌሎች ተከተሉት። ክኒኑ ትሉን ያለ ምሬትና ያለ ማስማጥ ይገድላል። ኮሶ ቀስ በቀስ ከከተማው፣ ከዚያም ከገጠሩ ጓዳ ወጣ። ማንም አላለቀሰለትም፤ ሊያለቅስለትም አይገባም ነበር።

ከኮሶ ጋር ግን የኮሶ ቀን አብሮ ሄደ። ትል ያለበት ሰው ክኒን አገኘ። ደረቅ ሆድ ያለው ሰው ምን አገኘ? በሌላው ሕመም ስም ያገኛት የነበረችውን የእፎይታ ቀን አጣ። የቀረው ያ የድሮው ሐሳብ፣ «ሆድ የሚጠረገው በኃይል ነው» የሚለው ብቻ ነው። ዛሬ በየመንገዱ «ሆድ ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄትና ፈሳሽ ሳይ፣ ኮሶ ልብስ ለውጦ የተመለሰ ይመስለኛል።

*

ወደ ቆላው ስንወርድ ሌላ ቅጠል ይጠብቀናል፤ እርሱም ጫት ነው። ይፋት በጫት ታሪክ ትልቅ ስፍራ አላት። ስለ ጫት ከተጻፉት እጅግ ጥንታውያን መረጃዎች አንዱ የሚገኘው የንጉሠ ነገሥት ዓምደ ጽዮንን ዘመቻዎች በሚተርከው የግእዝ ዜና መዋዕል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1332 ገደማ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን በንጉሡ ላይ ሲነሣ፣ የንጉሡን ከተማ ይዞ በዚያ ጫት እንደሚተክል መዛቱን ጸሐፊው መዝግቧል። ዛቻ ሆኖ ወደ ታሪክ የገባ ቅጠል ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጫት ቃሚ ከሚያማርራቸው ነገሮች አንዱ የሆድ ድርቀት መሆኑን ዛሬ ሐኪሞች በሚገባ ያውቃሉ። በቅጠሉ ውስጥ ያለው የሚያኮማትር ንጥረ ነገር፣ የቆዳ ፋቂ ለፍቆ የሚጠቀምበት ዓይነት፣ አንጀትን ያደርቃል፤ አነቃቂው ንጥረ ነገር ደግሞ የሆድና የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል፤ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ጥቂት የበላ፣ ብዙ የተቀመጠ፣ በሙቀት ያላበው ሰው ሆዱ ቢደርቅ አይደንቅም። ይህን የምለው ቃሚውን ለመውቀስ አይደለም፤ ደገኛው በደረቅ ስንቁ ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፦ የመንገድ ስንቃችን ሁሉ ከስሙ ጀምሮ ደረቅ ነው። ከአንኮበር እስከ ታጁራ በረሃውን የሚያቋርጥ ነጋዴ ይህን በልቶ፣ ውኃ ቆጥቦ፣ ግመሉን ተከትሎ ይጓዝ ነበር። ሆዱን ግን ቆላው ራሱ በሚያበቅለው ሊረዳው ይችል ነበር። ሁመር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ፍሬው በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ሲጠጣ ጥም ይቆርጣል፣ ሆድንም በዝግታ ያላላል። በጥባጭ አይደለም፤ እንደ ኮሶ ቀን አያስጠፋም።

*

አሁን ተራው የትሑቱ ነው።

ተልባ በኢትዮጵያ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት የቅባት እህሎች አንዱ ነው። ሌላው ዓለም ከግንዱ በፍታ የሚባለውን ጨርቅ ሲፈትል፣ እኛ ፍሬውን በላነው፣ ጠጣነው። ሲቆላ ይንጣጣል፤ «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» የሚለው ተረት አቅመ ቢስ ጩኸትን ለመናቅ የሚጠቀስ ነው። ተልባ በቋንቋችን እንኳ ክብር አላገኘም። ኮሶ ለፊታችን ምሬት መለኪያ ሲሆን፣ ተልባ ለከንቱ ጫጫታ መተረቻ ሆነ።

ሥራውን ግን እንመልከት። የተልባ ፍሬ ውኃ ሲያገኝ ዙሪያውን ልጥልጥ ይላል። ያ ልጥልጥ ውኃ አቅፎ ይይዛል፤ ወደ አንጀት ሲወርድም ውኃውን ይዞ ይወርዳል፤ ሰገራው እንዳይጠጥር ያደርገዋል፣ መጠኑን ያበዛል፣ መንገዱን ያለሰልሳል። አንጀትን አያስገድድም፤ አንጀት የራሱን ሥራ እንዲሠራ ያመቻችለታል። ዛሬ ሐኪሞች ለሆድ ድርቀት በመጀመሪያ የሚያዝዙት ይህንኑ ነው፤ ብዙ አሰር ያለው ምግብ ከበቂ ውኃ ጋር። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር እንዲያገኝ ይመከራል።

እናቶቻችን ይህን ሳይመዝኑ ያውቁት ነበር። ከሁለት ወር ጥቂት ቀናት ብቻ ከሚያንሰው የዐቢይ ጾም በኋላ፣ በፋሲካ ሌሊት፣ ሥጋና ቅቤ ከመቅረቡ በፊት በብዙ ቤት የተልባ መጠጥ ይቀርባል፤ ሆድ እንዲለሰልስ። ነፍሰ ጡርና አራስ ተልባ ይሰጣቸዋል። ማንም «ይህ መድኃኒት ነው» ብሎ አያውጅም፤ ሥራ ፈትቶ የሚውልለት፣ በር ዘግቶ እንግዳ የሚመልስለት የለም። ተልባ ቀን የለውም፤ በየቀኑ ነው። መንገደኞቹ ያልጻፉለትም ለዚህ ይመስለኛል፤ ታሪክ ጸሐፊ የሚያየው የሚያስገርመውን ነው፤ የሴቶች ጓዳ ደግሞ አያስገርመውም።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። ዘላቂ የሆድ ድርቀት ያለበት ሰው ከኮሶ መውሰድ የሚገባው ቀኑን ነው፤ ማለትም ያለ ኀፍረት ለሆዱ ጊዜ የሚሰጥበትን መብት። ከተልባ መውሰድ የሚገባው መንገዱን ነው፤ በየዕለቱ፣ በጥቂቱ፣ በውኃ፣ በትዕግሥት። አገራችን ሁለቱንም ለየብቻ ሠርታቸው ነበር፤ አገናኝታ ለደረቅ ሆድ የሰጠቻቸው ግን አይመስለኝም።

*

ማገናኘቱ እንዲህ ነው፤ በራሴ ኑሮም ሞክሬዋለሁ። ከምግብ በኋላ፣ በተለይ ከቁርስ በኋላ፣ አንጀት በተፈጥሮው ይንቀሳቀሳል። ያቺን ሰዓት አለማባከን፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ሳይቸኩሉ መቀመጥ ነው የኮሶ ቀን ታናሽ እህት። አቀማመጡም ይረዳል፤ አባቶቻችን ቁጢጥ ብለው የሚቀመጡት አቀማመጥ መንገዱን ያቃናል። ወንበር መሰል መጸዳጃ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከእግሩ ሥር ዝቅተኛ በርጩማ ቢያኖር ያንኑ ያገኛል። ጥሪው ሲመጣ መያዝ ደግሞ ሕመሙን ያከፋዋል። በረጅም መንገድ አውቶቡስ ውስጥ የሚውል ሰው፣ በር የሌለው መጸዳጃ ባለበት ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ፣ ሆዳቸውን ለመያዝ የሚገደዱት በእነርሱ ጥፋት አይደለም።

ሐኪሞች በሳምንት ከሦስት ጊዜ ያነሰ የሚወጣውን፣ ወይም ዘወትር የሚያምጠውን፣ ሰገራው የሚጠጥርበትን፣ ወጥቶም ያልጨረሰ የሚመስለውን ሰው፣ ሁኔታው ለወራት ከዘለቀ ዘላቂ ድርቀት አለበት ይሉታል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ክኒን፣ ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ሆድ ያደርቃሉ። የእንቅርት ዕጢ መድከምና የስኳር በሽታም እንዲሁ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሲያምጥ ሊላላ የሚገባው ጡንቻ ይጨማደድበታል፤ ይህ የሚቃናው በልምምድ ነው። አሰርና ውኃ ካልበቁ፣ ውኃን ወደ አንጀት የሚስቡ የዋህ መድኃኒቶች አሉ፤ ሰናም ቢሆን በመጠኑና በሐኪም ምክር ሲወሰድ ዛሬም ቦታ አለው።

አንድ ነገር ግን ከታሪክ ወጥቼ በግልጽ መናገር አለብኝ። በአገራችን ሆስፒታሎች ትልቁ አንጀት ከሚዘጋባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የደንዳኔው በራሱ ላይ መጠምዘዝ ነው። ሆዱ በድንገት የተነፋ፣ ሰገራ ብቻ ሳይሆን ፈስም የቆመበት፣ የሚያስታውክ፣ በብርቱ የሚታመም ሰው ድርቀት ብቻ አይደለም ያለበት። እንዲህ ያለውን ሰው ኮሶ፣ ጉሎ ዘይት ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ ነገር ማጠጣት የተቋጠረን ገመድ እንደ መጎተት ነው፤ ሊገድለው ይችላል። ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት። ደም የሚታይበት፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ወይም ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ የሆዱ ጠባይ በድንገት የተለወጠ ሰውም ለሐኪም መታየት አለበት። እነዚህ ሰዎች ዘግይተው የሚደርሱበት አንዱ ምክንያት በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ያነሣሁት ዝምታ መሆኑን አልጠራጠርም።

*

ጨዋነታችንን እወደዋለሁ። «ወጣ ብዬ ልምጣ» ከሚለው የተሻለ አነጋገር አልፈልግም። ነገር ግን አባቶቻችን በዚያው ጨዋ ቋንቋ «ዛሬ ኮሶ ጠጥቻለሁ» ብለው በር ይዘጉ ነበር፤ ማንም አልሳቀባቸውም። ያን ያህሉን ለዛሬው ሰውም እንፍቀድለት። ልጅ ለእናቱ፣ ባል ለሚስቱ፣ ታማሚ ለሐኪሙ «ሆዴ ደርቋል» ማለት ይቻለው። ለምሥጢር፣ ለቂምና ለናፍቆት ሆድ ይፍጀው፤ ይህን ሕመም ግን ሆድ ብቻውን ፈጅቶት አያውቅም።

ቸር ይግጠመን።